በፍልሰታ ፕሮቫንስ፣ ከፍልሰታ በኋላ ዡራ፦ የፈረንሳይን ገጠር ለመቅመስ የቱን አካባቢ ልምረጥ?

አውሮፓ የምንኖር ብዙዎቻችን የዓመት ፈቃድ የምንወጣው በነሐሴ ነው። ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ መሥሪያ ቤቱም ጭር ይላል። ነሐሴ አንድ ሲል ግን ፍልሰታም ይገባል፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 መሆኑ ነው። የፈረንሳይ ገጠር ማዕድ ደግሞ በአብዛኛው ቅቤ፣ ፎርማጆና ሥጋ ነው። አንድ ዓመት ይህን ሳላገናዝብ ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ በፍልሰታ በምሥራቅ ፈረንሳይ ወዳለው አልዛስ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዋም እራቷም ዳቦ፣ ቲማቲምና ቅጠል ሆነ። እሷ ቃል አልወጣትም፤ እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አካባቢ የምመርጠው በዝናው አይደለም። መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን አያለሁ። ቀጥሎ አብረውኝ የሚሄዱት ሰዎች ምን እንደማይበሉ እጠይቃለሁ። በመጨረሻ መኪና መኖር አለመኖሩን። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ምርጫው ብዙ አያስቸግርም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት አካባቢ ለማዳረስ አትሞክሩ። ኮምቴና ሮክፎር የሚባሉት ፎርማጆዎች ፓሪስ ሱፐርማርኬት ውስጥም ሞልተዋል። ገጠር ድረስ የሚያስኬደው ምግቡ የሚሠራበትን ቤት፣ የሚሠራውን ሰውና ከብቱን አይቶ መብላቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

በጾም ከሆነ ፕሮቫንስ

ፈረንሳይን ከሰሜን ወደ ደቡብ ስታቋርጡ ድስት ውስጥ የሚገባው ስብ ይለወጣል። በብሬታኝና በኖርማንዲ ቅቤ ነው፣ በአልዛስ የአሳማ ስብ፣ በደቡብ ምዕራብ የዳክዬ ስብ። ፕሮቫንስ ሲደረስ የወይራ ዘይት ይሆናል። ለጾመኛ ወሳኙ ነገር ይኸው ነው። ሌላ ቦታ ምግቡን ለእናንተ ሲሉ መለወጥ አለባቸው፤ ፕሮቫንስ ውስጥ ግን ድሮም የድሀው ሰው ምግብ ያለ ቅቤ የተሠራ ነው።

ራታቱይ ደበርጃን፣ ዙኪኒ፣ ቃሪያና ቲማቲም በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። የእኛው ጦስኝ ዘመድ እዚያ በየኮረብታው ድንጋይ ሥር ይበቅላል፤ በእግር ስትሄዱ ሽታው ይከተላችኋል። ኒስ ላይ የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ገብቶበት፣ በሰፊ የመዳብ ትሪ በእንጨት ምድጃ ይጋገራል። ሶካ ይሉታል። ጠርዙ እስኪያር ይቆይና ተቆራርሶ፣ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት ትኩሱን በእጅ ይበላል። ማርሴይ ውስጥ ሌስታክ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ደግሞ ያው የሽምብራ ዱቄት እንደ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ተቆራርጦ በዘይት ይጠበሳል። ስሙ ፓኒስ ነው። እናቴ አንዱን ጎርሳ፣ ሁለተኛውን አገላብጣ አይታ፣ “ይኼንን እኔም ቤት እሠራዋለሁ” አለች። ሠራችውም።

ገጠሩን ለማየት ሉቤሮን ወይም የቫንቱ ተራራ ሥር ያሉትን መንደሮች ማደሪያ አድርጉና በየገበያ ቀኑ ተዘዋወሩ። ቬዞን ላ ሮሜን ማክሰኞ፣ ካርፓንትራ ዓርብ፣ አፕት ቅዳሜ፣ ሊል ሱር ላ ሶርግ እሑድ ነው። በነሐሴ የካቫዮን ሐብሐብ መሰል ጣፋጭ ሜሎን፣ በለስና ቲማቲም በየጠረጴዛው ይከመራል። አፕት ከነቅርጹ በስኳር በደረቀ ፍራፍሬ የታወቀች ከተማ ናት፤ እሱም ጾም ነው።

ሦስት ወጥመድ አለ። ታፔናድ የሚባለው የወይራ ፍሬ ድቁስ ብዙ ጊዜ በጨው የቆየ ትንንሽ ዓሣ ይገባበታል። የፒስቱ ሾርባ የባቄላ ዘርና አትክልት ከፈረንጅ በሶብላ ጋር ነው፤ ከላይ ግን ፎርማጆ ሊፈገፈግበት ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ “ቬጀቴሪያን ነኝ” ብሎ ማዘዝ ነው፤ እንቁላልና ፎርማጆ ይዘውላችሁ ይመጣሉ። “ኒ ቪያንድ፣ ኒ ኧ፣ ኒ ፍሮማዥ፣ ኒ ቤር” በሉ፤ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ፎርማጆም፣ ቅቤም አይሁን ማለት ነው። ፕሮቫንስ በነሐሴ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሰው ይበዛል፣ ማደሪያም ይወደዳል። ይህን እያወቅሁም በፍልሰታ ሌላ ቦታ አልሄድም።

ሙቀት ለማይችል ሰው ሁለተኛ ምርጫ አለ፤ በመካከለኛው ፈረንሳይ ደጋ ላይ ያለችው ከተማ ለ ፑዊ አን ቨሌ። ከእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚበቅለው አረንጓዴው የፑዊ ምስር እ.ኤ.አ. በ1996 የስም ጥበቃ ያገኘው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ የበቀለ በዚህ ስም አይሸጥም ማለት ነው። ልጡ ስስ ነው፣ ሲበስልም አይፈርስም። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ዋናው አሠራሩ ጨው ከበላ የአሳማ ሥጋ ጋር ስለሆነ ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ተከራይታችሁ ራሳችሁ ሥሩት። በእናቴ በርበሬ በድፍኑ ስንሠራው ሁላችንም ዝም ብለን ነው የበላነው።

ለፎርማጆ፦ ዡራ ወይስ ሮክፎር

ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ከነሐሴ 16 ወዲያ፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ዡራ ነው። ከስዊዘርላንድ ጋር የሚዋሰን ደጋ ነው፤ ጥድ፣ መስክና ደወል ያሰሩ ቀይና ነጭ ላሞች። ሞንቤሊያርድ ይባላሉ። ኮምቴ የሚሠራው በዋናነት ከእነሱ ጥሬ ወተት ነው፤ ላሞቹም የተብላላ መኖ አይሰጣቸውም፣ በበጋ ሣር በክረምት ድርቆሽ ብቻ። አንድ ክብ ኮምቴ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ለዚያም 400 ሊትር ያህል ወተት ይገባበታል። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ያህል ወተት በየቀኑ ስለማያገኝ የመንደሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ወተታቸውን በማኅበር ያዋጣሉ። የማኅበሩ ቤት ፍሩዊቲየር ይባላል። ጠዋት በማለዳ ከሄዳችሁ ወተቱ በትልቁ የመዳብ ጋን ሲረጋ ማየት የሚቻልባቸው ብዙ ናቸው፤ ሱቁም እዚያው ነው።

ጊዜ ካላችሁ ከፍሩዊቲየሩ በኋላ ፎርማጆው የሚበስልበትን ጓዳ እዩ። ማልቢዊሶን አጠገብ በ1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የሳንት አንትዋን ምሽግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጦርነት የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ግን የኮምቴ ማብሰያ ሆኗል። አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፣ ጃኬትም ያዙ። በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይቀበላችኋል፣ ከዚያ ጣሪያ የነካ መደርደሪያ ማለቂያ በሌለው ኮሪደር ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ባለሙያው በእጁ የያዘውን አነስተኛ ብረት ገልብጦ ክቡን ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ብረቱን ወግቶ እንደ ጣት የቀጠነ ቁራጭ ያወጣል፣ በጣቶቹ አሽቶ ያሸተዋል፣ ጫፏን ይቀምሳል፣ የቀረውን መልሶ ቀዳዳው ላይ ይደፍነዋል። እኛ አገር ሐብሐብ ሻጭ በእጁ መታ መታ አድርጎ እንደሚመርጠው ማለት ነው፤ ይህን ሳይ ነው ኮምቴን እንደ ዕቃ ማየት ያቆምኩት።

ስትገዙ ወርን ጠይቁ። ቢያንስ 4 ወር ሳይቆይ ኮምቴ አይባልም። ለልጆች ከ8 እስከ 12 ወር ያለው ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ 18 ወርና ከዚያ በላይ የቆየው ጠንከር ይላል፣ በጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ነገርም አለው። ጠርዙ ላይ ያለውን ቀበቶ እዩ፤ በጥራት ምዘና ከ20 ውስጥ 14 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘው አረንጓዴ፣ ከ12 እስከ 14 ያገኘው ቡናማ ነው። የፎርማጆው ውስጡ ቢጫ ከሆነ ላሟ መስክ ላይ ሣር ስትበላ የታለበ የበጋ ወተት ነው፤ ነጣ ካለ የክረምት። በጥጃ ጨጓራ ማርጊያ የሚሠራ መሆኑን ግን በዚህ ጉዳይ ጥብቅ የሆናችሁ ሰዎች፣ ሙስሊሞችም ሆናችሁ ከእስራኤል የምትመጡ ቤተሰቦች፣ ከወዲሁ እወቁት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ከጥሬ ወተት የተሠራውን ለስላሳ ፎርማጆ አትቅመሱ፤ ዡራ ውስጥ በተለይ ሞን ዶር የሚባለውን። እሱ ከሴፕቴምበር 10 እስከ ሜይ 10 ብቻ የሚሸጥ፣ በጥድ ልጥ የታሰረና በማንኪያ የሚበላ ነው።

የዡራው ቢጫ ወይን፣ ቫን ዦን፣ በርሜል ውስጥ ሳይሞላ 6 ዓመት ከ3 ወር ይቆያል፤ ሽታው ዋልነት የሚባለው የለውዝ ዓይነት ነው። ዶሮ በዚህ ወይንና በሞሪ እንጉዳይ ሲሠራ ለእኔ ከፈረንሳይ የዶሮ ምግብ ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ሮክፎር ፍጹም ሌላ ነገር ነው። በደቡብ አቬሮን፣ ኮምባሉ የሚባል ገደል ሥር የተጠጋች መንደር ናት። ገደሉ ድሮ ተደርምሶ የፈጠራቸው ስንጥቆች፣ ፍለሪን የሚሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ወደ ጓዳዎቹ ይነፍሳሉ፤ ሰማያዊው ሻጋታ የሚወደው ያንን ነው። ወተቱ የላኮን በጎች ጥሬ ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣ ሕግ ከፈረንሳይ ፎርማጆዎች ሁሉ ቀድሞ ስሙ የተጠበቀለትም ሮክፎር ነው። ጓዳዎቹ በቀላሉ ይጎበኛሉ። ወደ ሰሜን ኦብራክ ወጣ ካላችሁ ደግሞ አሊጎ አለ፤ የተፈጨ ድንች ከለጋ ፎርማጆ ጋር እየተማሰለ እስኪሳብ ድረስ ይሠራል፣ ማማሰያው ከፍ ሲል አብሮት ክንድ ሙሉ ይነሣል።

የቱን? ፎርማጆ ብዙም ያልለመደ ሰውና ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ያለ ጥርጥር ዡራ። ሮክፎር ጨዋማ ነው፣ ያቃጥላልም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ በሳል ቅቤ የሚወድ፣ ለጋው የማይጥመው ሰው ሮክፎርን ከማንም ቀድሞ ይለምደዋል። እንዲህ ያለ አጎት ካላችሁ ወደ አቬሮን ውሰዱት። ሁለቱም አካባቢ መኪና ይጠይቃል፤ ዡራ ላይ ግን አርብዋና ፖሊኚ ባቡር ጣቢያ ስላላቸው ቢያንስ ወይኑንና የኮምቴውን ሙዚየም ያለ መኪና ማየት ይቻላል።

ብሬታኝ፦ ምጣዱን ለሚናፍቅ

ከፓሪስ ሳን ማሎ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ መኪና ለሌለው ሰው ብሬታኝ ከዡራ ይቀላል። ምግቡም ለእኛ ቅርብ ነው። ጋሌት የሚጋገርበት ዱቄት ጥቁር ስንዴ ይባላል እንጂ ከስንዴ ወገን አይደለም፤ ግሉተንም የለውም። ሊጡ በጋለ ክብ ብረት ላይ ይፈስና በእንጨት መግፊያ ዙሪያውን ይገፋል። ዓይን አያወጣም፣ አይኮመጥጥምም፤ ግን ቡናማ መልኩና ሽታው ምጣድ ዳር ያቆማችኋል። በሌላ ዓመት፣ ከፍልሰታ በኋላ፣ እናቴ አንዲት ጋጋሪ ፊት ቆማ የመጀመሪያው ጋሌት እስኪወጣ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ በሸክላ ሳህን ለ ሪቦ የሚባለው ቀረበ። ቀመሰችና ቀና ብላ፣ “አሬራ ነው እኮ!” አለችኝ። በእርግጥም ነው፤ ቅቤ ተንጦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው፣ የድሮ ሰዎች ከጋሌት ጋር የሚጠጡትም እሱን ነው።

ታዋቂው ጋሌት ኮምፕሌት እንቁላል፣ ፎርማጆና የአሳማ ሥጋ ይዞ ይመጣል፤ “ሳን ዣምቦን” ካላችሁ ሥጋውን ይተውላችኋል። ግሉተን የማይስማማው ሰው በምዕራብ ብሬታኝ ይጠይቅ፤ እዚያ አንዳንዱ የስንዴ ዱቄት ይቀላቅልበታል። ጠጁም አለ። ሹሸን ይሉታል፣ ከማር ነው፤ ጌሾ ስለሌለው ለእኛ አፍ ጣፋጭነቱ ይበዛል። ኩዊኝ አማን ዱዋርነኔ ላይ የተወለደ፣ ቅቤና ስኳር እየተደረበ የሚጋገር ኬክ ነው፤ ትኩሱን፣ አንዱን ለሁለት።

ካንካል ላይ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ጥንድ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያረቡት ሰዎች ወደብ ዳር ዛጎሉን ከፍተው በሎሚ ይሸጣሉ፣ ሰዉ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ የሞን ሳን ሚሼልን ባሕረ ሰላጤ እያየ ይበላል። “ክንፍና ቅርፊት የሌለው” የሚለውን ሕግ ለሚጠብቅ ሰው ግን ካንካል ላይ የቀረው ባሕሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያላችሁ ሳን ማሎንና ሬንን አስበልጡ። በሬን ከተማ የሊስ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ይቆማል፣ ለአትክልቱና ለጋሌቱ ብቻ መሄድ ያዋጣል።

ባስክ፣ ፔሪጎር፣ አልዛስ

ባስክ አገር፣ ኤስፕሌት መንደር፣ በመከር ወራት የነጫጭ ቤቶቹ ግድግዳ በክር በተሰካ ቀይ በርበሬ ይሸፈናል። ስታዩት የመስከረም ጓሮ ትዝ ይላችኋል። የኤስፕሌት በርበሬ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የስም ጥበቃ አለው፤ በዓሉ በኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ነው። ለእኛ አያቃጥልም፤ ማቃጠል ፍለጋ አትሂዱ። ሽታው ነው የሚገዛው። አሾዋ የሚባለው ደቆ የተከተፈ የጥጃ ሥጋ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በዚሁ በርበሬ ይሠራል፣ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ደህና ምሳ ነው። የበግ ፎርማጆው፣ ኦሶ ኢራቲ፣ ከጥቁር ቼሪ ማርማላታ ጋር ይቀርባል። ጉዞው ረጅም ነው፤ ከፓሪስ እስከ ባዮን በባቡር አራት ሰዓት ይወስዳል። በጥቅምት ፈቃድ ያለው ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ይህን ያስቀድም እላለሁ።

ፔሪጎር የዳክዬና የዝይ አገር ነው። ጉበቱ፣ ፉዋ ግራ፣ በፈረንሳይ ሕግ የባህልና የምግብ ቅርስ ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ የሚገኘው ግን ወፉን በጉሮሮው በቱቦ እህል እየጋቱ ጉበቱን በማሳበጥ ነው። አንድ ጊዜ እርሻው ላይ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልበላም፣ ሌላውንም ብሉ አልልም። ፔሪጎር ያለ እሱም ሀብታም ነው። ዋልነቱና የዋልነት ዘይቱ፣ በግንቦት እንጆሪው፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከመሬት ሥር የሚወጣው ውድ እንጉዳይ፣ ጥቁሩ ትሩፍ፣ አጠገቡ ከሎት የሚመጣው ሮካማዱር የሚባለው መዳፍ የማይሞላ የፍየል አይብ። ሳርላ ላይ ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ነው።

አልዛስን በእናቴ ላይ ከደረሰው የተነሣ መጥላት አልፈልግም። በታኅሣሥ፣ ጾም ለማይጾም፣ የአሳማ ሥጋም ለሚበላ፣ ሹክሩት (የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር) እና ቤክኦፍ (ሥጋና ድንች በሸክላ ድስት) በዚያ ብርድ የሚያሞቁ ምግቦች ናቸው። ከፓሪስ ስትራስቡርግ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ባቡር ይደረሳል፣ ከዚያ ኮልማር ቅርብ ነው። ሥጋውን የማይበላ ሰው ስሱን የእሳት ቂጣ፣ ፍላመኩሽን፣ “ሳን ላርዶን” ብሎ ከሽንኩርትና ከእንጉዳይ ጋር ይዘዝ።

ከመነሣታችሁ በፊት

ገጠር ውስጥ ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 8 ነው፣ በእኛ ሰዓት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ ማዕድ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። እሑድ ማታና ሰኞ ብዙ ቤቶች ይዘጋሉ። ገበያ በማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ጠረጴዛው እየተነሣ ነው። በርካሽ ደህና ለመብላት ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አድርጉት፤ የቀኑ ምሳ ከራት ዋጋ ብዙ ይቀንሳል፣ “ካራፍ ዶ” ካላችሁም የቧንቧ ውኃ በነጻ ይመጣል። ጣሪያ ያለው መጥበሻ የተሣለበት ምልክት ምግቡ እዚያው ቤት የተሠራ ለመሆኑ ነው። ወይን የሚቀምስ ሹፌር መትፋት አያሳፍረው፤ ለዚያ የተቀመጠ ዕቃ አለ፣ የደም አልኮል ወሰኑም በሊትር 0.5 ግራም ነው።

ወደ ቤት ለመውሰድ የፑዊ ምስር፣ የኤስፕሌት በርበሬና የዋልነት ዘይት የትም ይገባሉ። ኮምቴ ለመውሰድ ከፈለጋችሁ ሱቁ ውስጥ “ሱ ቪድ” በሉ፣ አየሩን አውጥተው ያሽጉላችኋል። እንግሊዝ ለምትኖሩ ግን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ተከልክሏል፤ ሌላ አገር ከሆናችሁም የራሳችሁን ጉምሩክ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ ላስቲኩን አውጡና በወረቀት ጠቅልሉት፤ ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ይውጣ።